ፋይል እየተገለበጠ መሃል ላይ ፈቃዱን እንዴት ልፈትሽ?

ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ ሊኑክስ የሚገባችሁ እርዱኝ። በሲ ፋይል የሚገለብጥ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። የዋናው ፋይል ፈቃድ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ከሆነ ኮፒውም ሲያልቅ 600 ነው፤ እሱ ላይ ችግር የለም። የጨነቀኝ መሃሉ ነው። ኮፒው መጀመሪያ 644 (ሌላውም ሰው የሚያነበው) ሆኖ ተፈጥሮ መጨረሻ ላይ ብቻ ፈቃድ በሚቀይረው ቺሞድ ከተዘጋ፣ በዚያች ቅጽበት ሌላ ተጠቃሚ ሊከፍተው ይችላል። አንዴ ከከፈተ ደግሞ በኋላ ፈቃዱን ብቀይረው ማንበቡን አያግደውም።

ይህን የሚይዝ ፈተና ፈልጌ ትልቅ ፋይል እያስገለበጥኩ ፈቃዱን በስታት (የፋይል መረጃ በሚያሳየው ትእዛዝ) ደጋግሜ አየሁ። አንዳንዴ ይያዛል፣ አንዳንዴ ያመልጣል። እንዲህ ያለ ፈተና ምን ይረባል? ከዚያ ምንጩን 600 የሆነ ፋይፎ (አንዱ ፕሮሰስ የጻፈውን ሌላው የሚያነብበት እንደ ቧንቧ ያለ ፋይል) አደረግኩት፤ ዳታ እስኪመጣ ኮፒው መሃል ላይ ቆሞ ይጠብቃል ብዬ። ግን በሌላው ጫፍ የሚጽፍ ስለሌለ ገና ፋይፎውን ሲከፍት ቀጥ አለ። መድረሻው ፋይል ጭራሽ አልተፈጠረም።

ፋይፎውን ለመጻፍ ከፍቶ ሳይዘጋ የሚቆይ ፕሮሰስ ከጀርባ ላስነሳ? ከሆነስ መድረሻው መፈጠሩን ያለ ስሊፕ (በግምት ጥቂት ሰከንድ ሳልጠብቅ) በምን ልወቅ? ዩማስኩን (አዲስ ፋይል ሲፈጠር የሚነሱትን ፈቃዶች የሚወስነውን) 022 አድርጌዋለሁ፤ 077 ከሆነማ ለሌሎች ሁሉንም ፈቃድ ስለሚያነሳ ስህተቱ ይደበቃል። የማስኬደውም በሩት (በአስተዳዳሪው) ሳይሆን በተራ ተጠቃሚ ነው።