የኬፕ ደ ቪሊየርሶች የዘር ሐረግ፦ ሁለት ፒተሮች ተቀላቅለውብኛል

ሐረግ ቆጣሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የልጆቼን የእናት ወገን፣ የደቡብ አፍሪካውን የኬፕ ደ ቪሊየርስ ቤተሰብ፣ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ በፈረንጆቹ 1760ዎቹ ላይ ቆሜያለሁ። በድራክንስታይን (የኬፕ አውራጃ ነው) የጥምቀት መዝገብ ሁለት ፒተር ደ ቪሊየርስ አሉ፤ በዕድሜ ሦስት ዓመት እንኳ አይበላለጡም። የኛውን አንዱ የዘር ዝርዝር «ቢ3ሲ5ዲ2» ይለዋል፣ ሌላው «ቢ3ሲ4ዲ2»። ይህ ቁጥር ምንድን ነው? የቱን ልመን? መጀመሪያ ኬፕ ከገቡት ከሦስቱ የደ ቪሊየርስ ወንድማማቾችስ ከየትኛው እንደምንወርድ በምን ይታወቃል?

የመዝገብ ሰው፦
ቁጥሩ አድራሻ ነው እንጂ የሰው መታወቂያ አይደለም። በሁለት የዘር ሐረግ አጥኚዎች ስም የደ ቪሊየርስና የፓማ ዘዴ ይባላል። መጀመሪያ ኬፕ የደረሰው አባት «ኤ» ነው፤ ልጆቹ ቢ1፣ ቢ2 እያሉ በልደት ተራ ይሄዳሉ፤ የልጅ ልጆቹ ሲ፣ ቀጥሎ ዲ። ስለዚህ ቢ3ሲ5ዲ2 ማለት የሦስተኛው ልጅ አምስተኛ ልጅ የወለደው ሁለተኛ ልጅ ነው። ሴቶችም ቁጥር አላቸው፤ ዘራቸውን ግን በባላቸው ቤተሰብ ስም ሥር ነው የሚፈልጉት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሕፃንነቱ የሞተ አንድ ልጅ ጥምቀቱ ዘግይቶ ሲገኝ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ በአንድ ይገፋሉ። የትናንቱ ሲ4 ዛሬ ሲ5 ይሆናል። የመጀመሪያው ትልቅ ዝርዝር በ1893 እና 1894 ነው የታተመው፣ ፓማ ያሻሻለው ደግሞ በ1966፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ተጨምሯል። እናም ሁለቱ ቁጥሮችዎ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥር ሲገለብጡ ከየትኛው እትም እንደወሰዱት አጠገቡ ይጻፉ፤ እትሙ ያልተጻፈበት ቁጥር ዋጋ የለውም።

ድራክንስታይን፦
ሁለት ፒተር መገኘቱ አያስደንቅም፣ አንድ ብቻ ቢገኝ ነበር የሚገርመው። ልማዱ እንዲህ ነው፦ የበኩር ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በራሱ አባት። የበኩር ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት። አምስት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው የበኩር ልጃቸውን በአያቱ ስም ሲሰይሙ አምስት እኩያ ፒተሮች ይወጣሉ። ስምና ዓመት ይዞ ሰው መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ሚስቱ ናት። ደግነቱ በዚያ ዘመን መዝገብ ሚስት እንደኛው በአባቷ ስም ነው የምትጻፈው።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ይያዙት። መጀመሪያ የጥምቀቱን ገጽ ራሱን ይክፈቱ፣ ፎቶው ፋሚሊሰርች (FamilySearch) በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ አለ። ከሕፃኑ ስም ይልቅ የክርስትና አባትና እናቱን ይገልብጡ፤ ብዙ ጊዜ አያቶች ወይም የስሙ ባለቤት ናቸው፣ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ያጋልጣሉ። ቀጥሎ ኦፕጋፍሮል የሚባለውን የግብር ቆጠራ ይዩ። በአንድ መስመር ባልና ሚስት፣ የወንድና የሴት ልጆች ብዛት፣ ባሮች፣ ፈረስ፣ ከብት፣ በግ፣ የወይን ሐረግ፣ የተጠመቀ ወይን በሌገር (አንዱ ሌገር 575 ሊትር ገደማ ነው) ይሰፍራል። የልጆቹ ብዛት ከጥምቀቶቹ ጋር ከገጠመ ቤቱን አገኙት ማለት ነው። የከብቱንና የወይኑን ቁጥር ግን አይመኑ፤ ግብር የሚከፈልበት ነውና ማንም አሳንሶ ነው የሚያስመዘግበው።

ሦስተኛው፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የወላጅ አልባዎች ጽሕፈት ቤት የንብረት ዝርዝር ነው። አባት ወይም እናት ሲሞቱ የቀረችው ሚስት፣ ልጆቹ ከነዕድሜያቸው፣ የሴቶቹ ባሎች፣ የሞተ ልጅ ካለ በእሱ ፈንታ የሚወርሱት የልጅ ልጆች በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ጽሕፈት ቤቱ በ1834 ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ለሞተ ሰው የሞት ማስታወቂያውን ነው የሚፈልጉት፣ ኬፕ ታውን ሮላንድ ጎዳና ያለው መዝገብ ቤት ውስጥ። እሱ ላይ መጨረሻ የፈረመው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። አማች ወይም ጎረቤት ከሆነ የሟቹ ወላጆች ስም ባዶ፣ ወይም በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል።

ሐረግ ቆጣሪ፦
የክርስትና እናቱን አላየሁም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንዱ ፒተር ግን አራት ልጆቹን በአንድ ቀን ነው ያስጠመቀው። መንታ ናቸው?

ድራክንስታይን፦
አይደሉም። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ስለነበር ልጆች ተጠራቅመው ነው የሚመጡት። የጥምቀት ቀንን በልደት ቦታ አይጻፉ። ቦታውም ያሳስታል፤ ድራክንስታይን የራሱ መዝገብ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሆነው በ1691 ነው፣ ሩደሳንድ በ1743፣ ክራፍ ራይኔት በ1792። ቤተሰቡ ሩደሳንድ እየኖረ ከ1743 በፊት የተወለደው ልጅ የሚገኘው ድራክንስታይን ወይም ስቴለንቦሽ ነው።

የወይን ማሳ፦
የሦስቱ ወንድማማቾች ጥያቄ ታለፈ። ፒየር፣ አብርሃምና ዣክ በ1689 «ሲዮን» በተባለችው መርከብ ከሆላንድ ኬፕ ገቡ። ኬፕን ያስተዳድር የነበረው የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አለቆች ወይን መትከል እንደሚያውቁ ጠቅሰው ለኬፕ አዛዡ ለቫን ደር ስቴል በደብዳቤ አስተዋውቀዋቸው ነበር። በመዝገብ ውስጥ ፒየር ወዲያው ፒተር፣ ዣክ ደግሞ ያኮብ ሆነዋል፤ በፈረንሳይኛው ብቻ ከፈለጉ አያገኟቸውም። ከአብርሃም በወንድ የወረደ የለም፣ ስለዚህ የቤተሰቡን ስም የያዘ ሁሉ ወይ የፒየር ወይ የዣክ ነው። «ቢ3» ብሎ የማን ቢ3 እንደሆነ ያልጻፈ ዝርዝር ግማሽ አድራሻ ነው፤ የእርስዎ ሁለት ፒተሮች የሁለት ወንድማማቾች ቢ3ዎች እንዳይሆኑ መጀመሪያ እሱን ያጣሩ።

ሌላው፣ አብርሃምና ዣክ ያገቡት ሁለት እህትማማቾችን፣ የጋርዲዮልን ልጆች ነው። ከዚያ በኋላ የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ጋር ሲጋባ ኖሯል፣ ሰባት ቤት መቁጠር እዚያ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ሰው በሐረጉ ላይ በሁለት በኩል ቢመጣ ስሕተት ነው ብለው አያጥፉት። ሁለት ጊዜም አይመዝግቡት፤ አንዱን መዝገብ ከሁለቱም ልጆቹ ጋር ያገናኙ። የሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራሙ «ተመሳሳይ ሰው ነው፣ ላዋህድ?» ሲል ግን የሚስቱን ስም ሳያዩ እሺ አይበሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ያሉት የተበላሹ ሐረጎች ብዙዎቹ እዚያች ቁልፍ ላይ ነው የተበላሹት።

በእናት በኩል ስትወጡ ደግሞ «ፋን ቤንጋለ» (የቤንጋል)፣ «ፋን ደ ካፕ» (የኬፕ) የሚል ስም ሲመጣ የአገር ስም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በባርነት የነበረች ሴት ናት። በ1669 አርኖልደስ ባሶንን ያገባችው አንሴላ ፋን ቤንጋለ የባሶኖች ሁሉ እናት ናት። እንዲህ ያለችውን ሴት በጥምቀት መዝገብ ብቻ አታገኟትም፤ የባሪያ ሽያጭና የነጻነት ወረቀቶችን ማየት ያስፈልጋል።

የመዝገብ ሰው፦
አንድ የረሳሁት፦ ቀኖቹን ወደኛ አቆጣጠር አይቀይሩ፣ ስሙንም በፊደላችን ብቻ አይጻፉ። እነሱ የሚጠሩት «ደ ፊልየ» ብለው ነው፣ እኛ «ደ ቪሊየርስ» እንላለን፣ መዝገቡ ላይ ደግሞ በሦስት በአራት ዓይነት ተጽፏል። በላቲን ፊደል ገጹ ላይ እንዳለ፣ ስሕተቱም ሳይታረም፣ ይገልብጡት።