ኮሎምበስ ወይስ ሚኒያፖሊስ? ከዲሲ አካባቢ ለሚወጣ አምስት ቤተሰብ

ጠያቂው፦

የቤተሰቡ ሁኔታ ይህ ነው። ባልና ሚስት፣ 16፣ 9 እና 3 ዓመት የሆናቸው ሦስት ልጆች። የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ኪራዩ አላፈናፍን ብሏቸዋል። ባል መጋዘን ይሠራል፣ ሚስት የነርስ ረዳት ናት። በሄዱበት ሁለቱም ሥራ ቢይዙ በዓመት 50,000 ዶላር ገደማ ያገኛሉ እንበል። የተጠራቀመው 9,000 ዶላር ነው፤ መኪናቸው አንድ። ግማሹ ዘመድ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ይላል፤ ግማሹ ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ። ሐበሻው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እንጀራው ሁለቱም ጋ አለ፤ እሱን እንለፈው። ቁጥር ያለው መልስ የያዘ ይናገር።

የመጋዘን ፈረቃ አለቃ፣ ኮሎምበስ፦

ኮሎምበስ ይሂዱ። ምክንያቴ ያው 9,000ው ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሎምበስ 400 ማይል ገደማ ነው፤ ጠዋት የተነሣ ማታ ይገባል። ሚኒያፖሊስ 1,100 ማይል ነው። ከሦስት ልጅ ጋር ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ማደሪያ አለ፣ የጭነት መኪናው ኪራይና ነዳጅም ከመንገዱ ጋር ይጨምራል። ገና ቤት ሳይገባ ገንዘቡ ይሳሳል።

ሥራም ቶሎ ይገኛል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሪከንባከር የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ፣ ግሮቭፖርትና ኦቤትዝ መጋዘን በመጋዘን ነው። ቢሆንም «ሰኞ ገብቼ አርብ ይከፈለኛል» ብሎ የሚነሣ ይቸገራል። ማመልከቻ፣ የኋላ ታሪክ ማጣራት፣ የዕፅ ምርመራ፣ ኦሪየንቴሽን፣ ከዚያ ብዙ ቦታ ሁለት ሳምንት ተሠርቶ ነው ቼክ የሚወጣው። ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ያለ ገቢ የሚያኖር ገንዘብ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ብዙው ሐበሻ ያለው በሰሜን በኩል ክሊቭላንድ አቬኑና ሞርስ ሮድ አካባቢ፣ በምሥራቅ ደግሞ ዋይትሆል ነው። መጋዘኑ ደግሞ ከታች ነው። ኮሎምበስ የከተማ ባቡር የላትም፣ አውቶቡስ ብቻ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሁለተኛ ፈረቃ የሚወጣ ሰው በአውቶቡስ ቤቱ እገባለሁ ብሎ አያቅድ። መኪናው አንድ ከሆነ የባልና የሚስት ፈረቃ መጋጨት የለበትም።

የታክስ ሠራተኛ፣ ሚኒያፖሊስ፦

ኪራይ ብቻ እየታየ ስንት ቤተሰብ ተሳስቷል! የ2025ን ሕግ ይዘን ይህንኑ 50,000 እናስላው።

ሚኒሶታ ባልና ሚስት አብረው ሲሞሉ 29,900 ይቀነስላቸዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ 5,200፣ ለሦስቱ 15,600። ከ50,000 ላይ 45,500 ሲወርድ ታክስ የሚቆረጥበት 4,500 ብቻ ነው፤ በ5.35 በመቶ 240 ዶላር ይሆናል። የከተማ የገቢ ታክስ የሚባል የለም።

ኦሃዮ በዚህ ገቢ ለአንድ ሰው 2,150፣ ለአምስቱ 10,750 ይቀንሳል። በቀረው 39,250 ላይ ለስቴቱ 700 ዶላር ገደማ ይሰላል፤ እሱን ግን የኦሃዮ የዝቅተኛ ገቢ ሠራተኛ ክሬዲት (ከታክስ ላይ የሚነሣ ቅናሽ) ያጠፋዋል። የሚጎዳው ግን ከተማው ነው። ኮሎምበስ ከደመወዝ ላይ 2.5 በመቶ ይቆርጣል፣ ያውም ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ፤ ልጅ አለህ የለህም ብሎ አይጠይቅም። ይህ 1,250 ዶላር ነው። 1,250 እንግዲህ፣ በሚኒሶታው 240 አንጻር።

ትልቁ ገና አልመጣም። ሚኒሶታ ከ2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 1,750 ዶላር ትመልሳለች፤ የልጅ ቁጥር ገደብ የለውም፣ ታክስ ባይኖርባችሁም በጥሬው ይመጣል። ለሦስት ልጅ 5,250። የባልና ሚስት ገቢ 38,000 ገደማ ካለፈ በየ100 ዶላሩ 12 ዶላር እየተነሣ ይሄዳል። በ50,000 ላይ ከ3,500 በላይ ይቀራል። ኦሃዮ እንዲህ ያለ የልጅ ክሬዲት የላትም። የሁለቱ ልዩነት በዓመት ከ4,500 ይበልጣል፣ በወር ከ370። ባለ 3 መኝታ ቤት ሚኒያፖሊስ በ300 ይበልጣል ብንል እንኳ ሂሳቡ ወደ ሚኒሶታ ያደላል። በዚያ ላይ የተከራይ ክሬዲት አለ፤ አከራዩ እስከ ጃንዋሪ 31 ሲ.አር.ፒ. የሚባለውን፣ የከፈላችሁትን ኪራይ የሚያሳየውን ወረቀት መስጠት ግዴታው ነው። ያንን ወረቀት ሳይቀበሉ ታክስ የሚያሠሩ ሰዎች ገንዘባቸውን ጥለው ነው የሚሄዱት።

የመጋዘን ፈረቃ አለቃ፣ ኮሎምበስ፦

ቁጥሩን አልክድም። ኪራይ ግን በየወሩ በ1ኛው ቀን ነው የሚጠየቀው፤ ክሬዲቱ የሚመጣው በዓመቱ ታክስ ከተሞላ በኋላ ነው። ሰኔ ላይ የገባ ሰው ደግሞ የሚኒሶታ የዓመቱ ነዋሪ አይደለም፤ የሚያገኘው እዚያ ባገኘው ገቢ ልክ ተከፍሎ ነው። ከፊሉን በቅድሚያ መውሰድ ይቻላል የሚባለውም ያለፈውን ዓመት እዚያ ለሞላ ነው። ለአዲስ ገቢ የመጀመሪያው ክረምት ላይ የለም። ሰው የሚሰበረው ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት ነው።

የታክስ ሠራተኛ፣ ሚኒያፖሊስ፦

ይህ እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ዓመት ይቀንሳል። እኔም አንድ የኦሃዮ ወጥመድ ልጨምር፣ ኮሎምበስ ለሚመርጡትም ይጠቅማል። የከተማ ታክስ በቅድሚያ የሚሄደው ሥራው ላለበት ከተማ ነው። መጋዘኑ ከከተማ ወሰን ውጭ ከሆነ ወይም የዚያ ከተማ ታክስ ዝቅ ያለ ከሆነ አሠሪው የኮሎምበስን ላይቆርጥ ይችላል። ኮሎምበስ የሚኖር ሰው ልዩነቱን ራሱ ይከፍላል፤ ዓመት ሙሉ ሳይቆረጥ ቆይቶ በኤፕሪል መቶዎች ዶላር ከነቅጣቱ ይመጣበታል። ኡበር የሚነዳም እንዲሁ። በመጀመሪያው ፔይስተብ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) ላይ «ኮሎምበስ» የሚል መስመር መኖሩን በዓይን ማየት ነው። አንዳንድ የትምህርት ዲስትሪክቶችም ተጨማሪ የገቢ ታክስ አላቸው፤ ሬይኖልድስበርግ ግማሽ በመቶ፣ ፒከሪንግተን 1 በመቶ። ተከራይም ይከፍላል።

የነርስ ረዳት፦

እናንተ ስለ ታክስ ትከራከራላችሁ፣ ቤተሰብ የሚያፈርሰው የሕክምና ሂሳብ ነው።

የ2025 የፌዴራል የድህነት መስመር ለአምስት ሰው 37,650 ነበር፤ የምጠራው በመቶ ሁሉ ከዚህ መስመር ነው። ኦሃዮ ወላጆችን በሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላለው በሚሰጠው የመንግሥት የሕክምና ሽፋን፣ የምትይዘው እስከ 138 በመቶ ነው፣ ማለትም 52,000 ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው። ይህ ቤተሰብ 50,000 ላይ ነው ያለው። የገና ሰሞን መጋዘኑ ኦቨርታይም ሲያስገድድ መስመሩን ይሻገራል፣ ወላጆቹ ይወጣሉ። ሚኒሶታ ከዚያ በላይ ሚኒሶታኬር የሚባል አላት፤ እስከ 200 በመቶ፣ ለአምስት ሰው 75,300 ድረስ በገቢ ልክ እየተከፈለ ይሸፍናል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አሠሪው አቅም ያገናዘበ ኢንሹራንስ ካቀረበላችሁ ሚኒሶታኬር አይቀበላችሁም። ፉድ ስታምፕም (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) እንደዚሁ ነው፤ ኦሃዮ መግቢያው 130 በመቶ ነውና 50,000 በጥቂቱ ያልፋል፤ ሚኒሶታ እስከ 200 በመቶ ማመልከት ይፈቅዳል፣ የሚሰጠው መጠን ትንሽ ሊሆን ቢችልም።

በዲቪ ለመጣ ሰው ልዩነቱ ይሰፋል። አዋቂ በግሪን ካርድ 5 ዓመት ካልሞላው የኦሃዮ ሜዲኬይድ አይገባም፤ ስደተኛ ወይም ጥገኝነት አግኝቶ የመጣ ሰው ሌላ ነው። ሚኒሶታኬር ግን ሕጋዊ ነዋሪነቱን አይቶ ይቀበለዋል። ልጆች ሁለቱም ጋ ይሸፈናሉ። ሕጉ በየዓመቱ እየተነካካ ስለሆነ ከመነሣታችሁ በፊት የዘንድሮውን በስልክ አረጋግጡ።

እህቴን ስለ ሥራዋ አንድ ነገር ልንገራት። ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም የሚሠራው የነርስ ረዳት ጂ.ኤን.ኤ. ሲባል ኖሯል። ኦሃዮ ኤስ.ቲ.ኤን.ኤ. ሲባል ኖሯል፤ ሚኒሶታ የነርስ ረዳት ይባላል። እንደገና መማር የለብሽም፤ መዝገብሽ ንጹሕና ጊዜው ያላለፈ ከሆነ ከስቴት ወደ ስቴት ይዛወራል። ማመልከቻውን ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳትወጪ አስገቢ። ከገባሽ በኋላ ብትጀምሪ ወረቀት ስትጠብቂ ደመወዝ ያልፍሻል። ሚኒያፖሊስ ዝቅተኛው ክፍያ በ2025 በሰዓት 15.97 ነበር፤ ኦሃዮ 10.70። የነርስ ረዳት ሁለቱም ጋ ከዚህ በላይ ያገኛል፣ ወለሉ ከፍ ሲል ግን ከላይ ያለውም ይገፋል። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በሳምንት 12 ሰዓት ቢሠራ ልዩነቱ ይሰማል።

የኪራይ ውል የሚያነብ፦

አፓርታማ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ማሞቂያ የሚከፍለው ማን ነው?» ይሁን። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ብዙዎቹ የድሮ የጡብ ሕንፃዎች ማሞቂያቸው አንድ ቦይለር ነው፤ በየክፍሉ የብረት ራዲያተር ቆሟል፣ ሙቀቱን በየቤቱ ለክቶ ማስከፈል ስለማይመች ኪራዩ ውስጥ ይገባል። ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 አከራዩ ቤቱን ቢያንስ 68 ፋራናይት፣ 20 ሴንቲግሬድ፣ ማድረስ አለበት። ኮሎምበስ ያሉት ታውንሃውሶች አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የጋዝ ፈርነስ አላቸው፤ ሂሳቡ በተከራዩ ስም ነው። ስለዚህ 1,500 እና 1,700 ስታወዳድሩ የኮሎምበሱ ላይ የጋዙን ጨምሩ። ኦሃዮ ፒፕ የሚባል መርሐ ግብር አለ፤ ገቢው እስከ ድህነት መስመሩ 175 በመቶ የሆነ ሰው ለጋዝ 5፣ ለመብራት 5 በመቶ ከገቢው ይከፍላል። ተገቢ የሆነ ሁሉ ያመልክት።

ዲፖዚት ሚኒያፖሊስ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ኦሃዮ ገደብ የለም፤ የክሬዲት ታሪክ የሌለው ሰው ሁለት ወር ሲጠየቅ ይታያል። ከ9,000 ላይ ይህች ተጨማሪ ወር ብቻዋን 1,500 ናት። ወንድሜ፣ የመጀመሪያው 3 ወር ሲታሰብ እሷም ትግባ።

ኮሎምበስ አድራሻው «ኮሎምበስ» ስላለ ትምህርት ቤቱም የኮሎምበስ ነው ማለት አይደለም። ከ1986ቱ የዲስትሪክቶች ስምምነት ወዲህ ሰፊ የከተማው ክፍል ለዳር ዳር ዲስትሪክቶች ነው የሚቆጠረው። ውል ሳይፈረም የቤቱ ቁጥር በካውንቲው ኦዲተር ድረ ገጽ ላይ ይታይ፤ «ስኩል ዲስትሪክት» የሚል መስመር አለው።

ሹፌሩ፦

ስለ ብርዱ አጭር ልበል። የጃንዋሪ ሌሊት ሚኒያፖሊስ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ኮሎምበስ ከዜሮ በታች 5 ወይም 6። ባትሪ በብርድ ኃይሉ በጣም ይወርዳል፤ አራት ዓመት ያለፈው ባትሪ ካለ ኦክቶበር ላይ ይለወጥ፣ ጃንዋሪ ላይ ጠዋት ፈረቃ ሲቀር አይደለም። ሚኒያፖሊስ መንገድ ላይ የሚያቆም ሰው የበረዶ አዋጁን በቃል ይያዝ፦ አንደኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በዋና የበረዶ መንገዶች ላይ አይቆምም፤ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ባለበት በኩል፤ በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ጎዶሎ ቁጥር ባለበት በኩል። ሴንት ፖል ሕጉ ሌላ ነው። መኪናው ከተጎተተ የሚከፈለው ብዙ ነው፣ ባለ አንድ መኪና ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ፈረቃ ይቀርበታል። ኢንሹራንሱም ይከብዳል፤ ሚኒሶታ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ለራስ ሕክምናና ለተቋረጠ ገቢ 40,000 ዶላር ሽፋን ታስገድዳለች፣ ኦሃዮ አታስገድድም። ዋጋ ጠይቃችሁ ወደ ወሩ ሂሳብ አስገቡት።

ጠያቂው፦

የ16 ዓመቱ ልጅ ነገር አልተነሣም። ኮሌጅ ለመግባት ሁለት ዓመት ነው የቀረው።

የኪራይ ውል የሚያነብ፦

ሚኒሶታ ከ2024 መጸው ጀምሮ የቤተሰቡ ገቢ ከ80,000 በታች ከሆነ በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሌላው እርዳታ ያልሸፈነውን የትምህርት ክፍያ ትችላለች፤ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ ይባላል። ነዋሪነት ይጠይቃል፤ ልጁ እዚያው ሃይስኩል ከጨረሰ ጥያቄው ይቀልለታል። ኮሎምበስ ደግሞ ኮሎምበስ ፕሮሚስ አላት፤ ኮሎምበስ ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ስድስት ሴሚስተር ትሸፍናለች፣ በየሴሚስተሩ 500 ዶላር ጨምራ። ይህ ግን ከኮሎምበስ ሲቲ ስኩልስ ለተመረቀ ብቻ ነው። ከላይ ስለ አድራሻው የተናገርኩት እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው፤ መንገድ ተሻግሮ የተከራየ ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ያጣዋል።

የመጋዘን ፈረቃ አለቃ፣ ኮሎምበስ፦

እንግዲያው አቋሜን ላጥብበው። ቁጠባቸው 9,000 ሆኖ የሚያሳርፋቸው ሰው ከሌለ ኮሎምበስ፣ ያውም ሲቲ ስኩልስ ውስጥ። ሚኒያፖሊስ የሚያሳርፋቸው ዘመድ ካለና ሁለት ወር ሳይከራዩ መቆየት ከቻሉ የታክስ ሠራተኛዋ ሂሳብ ያሸንፋል።

የነርስ ረዳት፦

በዚህ ተስማምቻለሁ፤ የ3 ዓመቷን ግን ማን ይይዛታል? ዴይኬር ሚኒሶታ ከኦሃዮ በጣም ይወደዳል፣ ለእርዳታውም ተራ የሚያስጠብቁ ካውንቲዎች አሉ። ኦሃዮ ለአዲስ አመልካች የዴይኬር እርዳታ የምትፈቅደው እስከ ድህነት መስመሩ 145 በመቶ ነው፣ ለአምስት ሰው 54,600 ገደማ፤ ይህ ቤተሰብ ይገባል። እሷ ቀንም፣ እሱ ሌሊትም ቢሠሩ ያለ ዴይኬር ይወጡታል፤ ካልሆነ እስካሁን የደመርነው ሁሉ በዚህች ልጅ ይገለበጣል።

ጠያቂው፦

ሚኒያፖሊስ ያለችው የሚስትየዋ አክስት ጡረታ ወጥታለች፣ ቤቷም ምድር ቤት አለው። ዛሬ ማታ ይደወልላታል፤ የጂ.ኤን.ኤ. ማዛወሪያው ቅጽ ደግሞ ለሁለቱም ስቴት ነገ ይሞላል።