በኤች ፋይቭ ፒ የሠራሁትን ትምህርት ሙድል ወዳልሆነ ሲስተም እንዴት ላሻግረው?

የአፈር መምህርት (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮሌጅ ውስጥ የአፈር ትምህርት አስተምራለሁ። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ ስለ አሲዳማ አፈር አንድ ክፍል ሠራሁ። ሙድል (ኮርስ በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሲስተም) ላይ ነው፣ በኤች ፋይቭ ፒ (ተማሪው የሚሳተፍበትን ትምህርት መሥሪያ)። ተነቦ የሚታለፍ ጽሑፍ አይደለም። ተማሪው እየመረጠ፣ እየጎተተ፣ እየተሳሳተ የሚሄድበት ነው።

ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል። ባንጃ ውስጥ ያለ አንድ ገበሬ ገብሱ ቀጭጮበታል። ቅጠሉም ወደ ወይን ጠጅ መልክ ሄዷል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) 4.8 ነው። ምን ትመክረዋለህ? ተማሪው ዩሪያ ይጨምር ካለ፣ አፈሩ ከዓመት ዓመት ይበልጥ አሲዳማ ሲሆን ያያል። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ብቻ ይጨምር ካለ፣ ፎስፈረሱ በአሉሚኒየምና በብረት ተይዞ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ኖራ ካለ ደግሞ፣ አሲዱን የሚያበርደው እሱ ስለሆነ፣ ጥያቄው ይቀጥላል። ምን ያህል? ከመዝራት ስንት ጊዜ ቀድሞ? እንዴት ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል? ፎቶዎቹን ማሳ ለማሳ ዞሬ ራሴ ነው ያነሳኋቸው።

እንጅባራ ያለች ጓደኛዬ ይህንኑ ኮርስ ታስተምራለች። አሲዳማው አፈር ደጇ ነው፤ ከእኔ ተማሪዎች ይልቅ ለእሷዎቹ ይጠቅማል። ተቋሟ ግን ሙድል አይጠቀምም፤ ሌላ ሲስተም ነው ያለው። የኮርሱን ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በፍላሽ ገልብጬ በሚኒባስ ላክሁላት። በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አልፎ በማግስቱ ደረሰ። ስትጭነው ጽሑፉ ገባ። ያ ሁሉ የሚመረጥና የሚጎተት ነገር ግን ባዶ ገጽ ሆነ። ለብቻ የላክሁላት የጥያቄ ፋይልም ፊደሉ ተበላሽቶ አራት ማዕዘን ብቻ ያሳያል።

ከዜሮ ጀምራ ትሥራው ብሎ መተው አይዋጥልኝም። የሁለት ወር ሥራ ነው። መንገድ የምታውቁ እርዱኝ።

ጣና ዳር

እህቴ፣ ሥራሽ አልጠፋም። የላክሽው ዕቃ ነው ያልተስማማው። የሙድል ባካፕ የተሠራው ሙድልን በሙድል ለመመለስ ነው። ሌላ ሲስተም ሲያነበው የሚያውቀውን ይወስዳል፣ የማያውቀውን ይተዋል። ኤች ፋይቭ ፒውን አላወቀውም ማለት ነው።

ኤች ፋይቭ ፒ ግን የሙድል ንብረት አይደለም። ሙድል በፈረንጆቹ 2019 ከወጣው 3.8 ጀምሮ አብሮ ስለያዘው ነው አንድ የሚመስለው። እያንዳንዱ ሥራሽ ራሱን የቻለ ፋይል ነው። ውስጡ ዚፕ ነው፤ ጽሑፉ፣ ፎቶው፣ ቅንብሩ ሁሉ አንድ ላይ ታሽጓል። ሥራውን ስትከፍቺ ከሥሩ ሪዩዝ የሚል ቁልፍ አለ። ካላየሽው አድሚኑ ዘግቶታል፣ አስከፍቺ። እሱን ነክተሽ ፋይሉን አውርጂ።

ቀጥሎ ሉሚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ። መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በኋላ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ፋይሉን በሉሚ ክፈቺና ስኮርም (የተለያዩ ሲስተሞች የሚያነቡት የትምህርት ማሸጊያ) አድርገሽ አውጪው። ስኮርም 1.2 በፈረንጆቹ 2001 የወጣ ነው፤ እስከ ዛሬ ብዙ ሲስተም ይቀበለዋል። የጓደኛሽ ሲስተም ይቀበል እንደሆነ ቀድማ አድሚኗን ትጠይቅ። አንዳንዱ ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በስኮርም አጠቃላይ ውጤቱ ይደርሳታል፤ ማን የትኛውን መንገድ እንደመረጠ ግን ላታይ ትችላለች። ላንቺ ዓይነቱ ትምህርት ይሄ ቀላል ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ትልቁን በሦስት በአራት ቆርሰሽ ላኪው። የዩሪያው ለብቻ፣ የኖራው ለብቻ። ያኔ ተማሪው የቱ ላይ እንደወደቀ ከውጤቱ ይታያል።

የፊደሉ ነገር ቀላል ነው። የጥያቄውን ፋይል በኖትፓድ ክፈቺና ሴቭ ስታደርጊ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ የሚቀመጥበትን ኮድ) ዩቲኤፍ 8 በይው። የፋይሎቹን ስም ደግሞ በአማርኛ አትጻፊ። ዚፕ ሲፈታ የሚሰባበረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የቡሬ ልጅ

መምህርት፣ ኤል ቲ አይንም ያስቡበት፤ ሁለት ሲስተሞችን የሚያገናኝ መንገድ ነው። ትምህርቱ እርስዎ ሙድል ላይ እንዳለ ይቀመጣል። የእንጅባራው ሲስተም ሊንኩን ብቻ ይይዛል። ተማሪው በራሱ ተቋም ከገባ ሌላ የይለፍ ቃል አይጠየቅም። ውጤቱም ወደ ራሱ ተቋም ይመለሳል። ትልቁ ጥቅሙ እርማት ሲያደርጉ አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ነው። ሙድል ኮርስን በዚህ መንገድ ማጋራት ይችላል፤ አድሚኑ ይክፈትልዎ።

ጣና ዳር

የቡሬ ልጅ ያለው እውነት ነው። ኔትወርክና መብራት ቢታመን እኔም እሱን ነበር የምመክረው። ግን ማርቆስ ሰርቨሩ ሲጠፋ እንጅባራ ክፍሉ ይቆማል። ለዛሬው ፍላሹ ይሻላል።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ባካፑን ስታወጪ የተማሪዎቹን መረጃ ከውስጡ ነቅለሽ ነበር? የተማሪዎች መረጃ ይካተት ከሚለው ላይ ምልክቱን ካላነሳሽው ስማቸውም ውጤታቸውም አብሮ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

የአፈር መምህርት (ደብረ ማርቆስ)

አልነቀልኩም። ያልከውን እንዳነበብኩ ደወልኩላት። ከፍላሹም ከሲስተሙም አጠፋችው። የተማሪዎቼ ውጤት አደራ ነው፤ ስላስታወስከኝ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ።

አሁን ውጤቱን ልንገራችሁ። አራት ቦታ ቆረስኩት። ሦስቱ በስኮርም ያለ ችግር ገቡ። አራተኛው አልጫን አለ፤ ውስጡ ቪዲዮ ስላለ ከሲስተማቸው የፋይል ልክ በላይ ሆኖ ነው። ቪዲዮውን አውጥቼ በስድስት ፎቶ ተካሁት። ፎቶው እንዲያውም ይሻላል። ተማሪው ቀጫጫውንና ጤነኛውን ገብስ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል።

ከስኮርሙ ጋር ዋናውን የኤች ፋይቭ ፒ ፋይልም ላክሁላት። ይሄ ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። ስኮርሙ አንዴ ከታሸገ ለማረም አይመችም። ዋናውን ፋይል ግን በሉሚ ከፍታ እንደፈለገች ትለውጠዋለች። ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው። የገበሬውን ንግግር በአዊኛ እየተረጎመችው ነው። ሁለት ገጽ ጨርሳለች። «የእኔ ገበሬ ዩሪያ ይጨምር ከማለቱ በፊት መሬቱን ዲከረንስ ይተክልበት ነበር» ብላ ያልነበረ ምርጫም ጨመረች። እውነቷን ነው። አዊ ውስጥ እርሻውን ትቶ ለከሰል ዛፉን የሚተክል ብዙ ነው። እኔ ማርቆስ ተቀምጬ አልመጣልኝም።

የፋይሉ የፈቃድ መሙያ (ሠሪው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት) ላይ የእሷንም ስም ከእኔ ቀጥዬ ጻፍሁ። አሁን ዲከረንሱን ወደ እኔው ሙድል መልሼ ላስገባ ነው። ፋይሉ ነገ በሚኒባስ ይመጣል።

የቡሬ ልጅ

መምህርት፣ በቡሬ ሲያልፍ ለእኔም ይድረሰኝ። ግብርና የሚማር ታናሽ ወንድም አለኝ።