ልጄ «ሐኪምም ጠፈርተኛም እሆናለሁ» ትላለች

የአዘዞዋ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ እንጀራ እየሸጥኩ 10ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አሳድጋለሁ። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ደጅ ተቀምጠን ኮከብ ስናይ «እማዬ፣ ሐኪም ሆኜ ጠፈር እሄዳለሁ» አለችኝ። የሰማት ጎረቤት ሁሉ «አንዱን ምረጪ» ይላታል። እውነት ሐኪም ሆኖ ጠፈር የደረሰ ሰው አለ? በከንቱ ተስፋ እንዳላሳድጋት ፈራሁ።

ሐኪሙ ከማራኪ፦
እታለም፣ አለ እንጂ! ሜይ ጀሚሰን ትባላለች፤ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት። እናቷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ አባቷ የሕንፃ ጥገና ኃላፊ ነበሩ። ሕፃን ሳለች «ሳይንቲስት እሆናለሁ» ብትል አስተማሪዋ «ነርስ ማለትሽ ነው?» አለቻት። በ16 ዓመቷ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚካል ምህንድስና ተማረች፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀች። አንዱንም አልጣለችም።

ከዚያ ሴራሊዮንና ላይቤሪያ ሄዳ አሜሪካ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌላ አገር የምትልክበት የፒስ ኮር ድርጅት ሐኪም ሆነች። አንድ በጎ ፈቃደኛ ታሞ ሌሎች ወባ ነው ሲሉ እሷ ማጅራት ገትር መሆኑን ለየች። ወደ ጀርመን የሚወስደው ወታደራዊ አውሮፕላን እንዲመጣ አዘዘች። «ይህን የማዘዝ ሥልጣን የለሽም» ቢሏትም ከቃሏ ፍንክች አላለችም፤ በሽተኛው ተረፈ። እኔ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ድካም ሲጫነኝ የማስባት ይህችን ጀሚሰን ነው፤ የጠፈር ልብስ የለበሰችውን አይደለም።

ኢንዴቨር የተባለው መንኮራኩር ወደ ጠፈር ይዟት የተነሳው መስከረም 2 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ማግስት። ይህን ለልጅዎ ይንገሯት።

የፊዚክስ መምህር፦
እኔ ደግሞ እውነቱን ልጨምር። መንገዷ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ ካመለከተች በኋላ በ1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለው መንኮራኩር ፈንድቶ የጠፈርተኞች ምርጫው ቆመ። በዓመቱ ከ2,000 ገደማ አመልካቾች 15 ሲመረጡ አንዷ ሆነች። ናሳ ለጠፈርተኝነት የሚቀበለው አሜሪካዊ ዜግነት ያለውን ብቻ መሆኑንም ልጅቱ ትወቅ። ግን ሒሳቧን አጥብቃ ትያዝ፤ እኛም እንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል አለን፣ በ2012 ዓ.ም. ሳተላይት አምጥቀናል። ጀሚሰን ጠፈር ላይ ስምንት ቀን ገደማ ቆይታ ስለ አጥንት ሴልና ስለ እንቁራሪት እንቁላል በተደረገው ምርምር ተሳትፋለች።

የአዘዞዋ እናት፦
እግዜር ይስጣችሁ። ቀስቅሼ አነበብኩላት፤ እንቅልፏ ጠፋ። «እንቁራሪቶቹ ተፈለፈሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቂልኝ ትላለች።

የፊዚክስ መምህር፦
ተፈልፍለዋል። ጭራቸውን እያወዛወዙ እዚያው ጠፈር ላይ ዋኝተዋል።