የድሮ ዘር አውሮፓ ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው የሚባለው እውነት ነው?

ሰኒ_ጓሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው። ባለፈው ዓመት ትንሽ የጓሮ መሬት ተከራየን፣ እዚህ ክላይንጋርተን የሚሉትን። አጠገባችን ያሉት ሽማግሌ ከእናታቸው የወረሱት ቦሎቄ አላቸው። ፍሬው ነጭ ነው፣ ዓይኑ ዙሪያ ግን ቡናማ ነጠብጣብ አለው። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ዘንድሮ አንድ እፍኝ ሰጡኝና "ለሌላም ስጪ፣ ግን እንዳትሸጪ፣ ሕግ አለ" አሉኝ። ዘር መሸጥ ደግሞ ምን ወንጀል አለው? ኢንተርኔት ላይ አንዱ "የአውሮፓ ኅብረት የድሮ ዘር ከልክሏል" ይላል፣ ሌላው "ውሸት ነው" ይላል።

ሁለተኛው ነገር ባለቤቴ ነው። "ኖርዌይ በረዶ ውስጥ ሁሉም ዘር ተቀምጦ የለም እንዴ፣ አንቺ ምን አደከመሽ?" ይለኛል። እውነት ይህቺ እፍኝ ቦሎቄ ትጠቅማለች ወይስ የጡረተኛ ጨዋታ ነው? የምታውቁ በቀላሉ አስረዱኝ።

ጌች_አግሮ፦

እህቴ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። መዝራት፣ መብላት፣ ለጎረቤት መስጠት፣ መለዋወጥ የሚከለክልሽ የለም። ሕጉ የሚይዘው ንግዱን ነው። በኅብረቱ አገሮች የእህልና የአትክልት ዘር ገበያ ላይ ለማውጣት ዝርያው መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት። ለመግባት ደግሞ ከሌላው የሚለይ፣ እርስ በርሱ አንድ ዓይነት የሆነና ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ መሆን ይጠበቅበታል። የገበሬ ዘር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መልከ ብዙ ነዋ! አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ አጭር ነው፣ ሌላው ይረዝማል፤ ጥቅሙም እሱ ነው፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ አይወድምም። ምዝገባው ገንዘብም ይፈልጋል። ለአንድ እፍኝ ቦሎቄ ማን ይከፍላል?

በ2008 እና በ2009 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለነባር ዝርያዎች ቀለል ያለ መንገድ የሚከፍቱ መመሪያዎች ወጥተዋል፣ ግን መጠኑ የተገደበ ነው። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ለኦርጋኒክ እርሻ ወጥ ያልሆነ ዘርም አስቀድሞ በማሳወቅ መሸጥ ተፈቅዷል።

መዝገቡ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ማየት ከፈለግሽ እዚያው ጀርመን ሊንዳ የምትባለውን ድንች ጠይቂ። በ1974 ተመዘገበች። በ2004 የባለቤትነት ጥበቃዋ ሲያበቃ ማንም በነፃ ሊያመርታት ነው ስንል፣ ባለመብቱ ከነጭራሹ ከመዝገብ አስወጣት። ገበሬውም በላተኛውም ተነሣ። በ2010 ተመልሳ ተመዘገበች። ሊንዳ ወዳጅ ነበራት፣ ወዳጅ የሌለው ዝርያ ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚጠፋው።

የኮፐንሃገኑ፦

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ግማሹን ልክ ነው። ባልሽ የሚለው ማከማቻ ኖርዌይ ስቫልባርድ ያለው ነው፣ በ2008 ተከፈተ፣ ተራራ ውስጥ ነው፣ ዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ግን መጠባበቂያ ነው። የየአገሩ ጂን ባንክ፣ ማለትም የዘር ማቆያ፣ ቅጂውን ያስቀምጥበታል፣ ንብረቱም የአስቀማጩ ነው። በ2015 ከሶሪያው ጦርነት የተነሣ፣ አሌፖ አጠገብ የነበረው የኢካርዳ (ለደረቅ አገር እርሻ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል) ጂን ባንክ ዘሩን ከዚያ አውጥቶ ሊባኖስና ሞሮኮ ውስጥ እንደገና አባዝቷል። ስለዚህ ሥራውን አይተነዋል።

የማይሠራው ሌላ ቦታ ነው። ፖም ከዘር ቢተከል እናቱን አይመስልም፣ ዛፉን ራሱን መጠበቅ ነው። እንግሊዝ ኬንት ውስጥ ብሮግዴል የሚባለው ስብስብ ከ2,000 በላይ የፖም ዓይነት በዛፍነቱ የሚያቆየው ለዚህ ነው። ደግሞ በረዶ ውስጥ የተኛ ዘር አዲስ በሽታም አዲስ ሙቀትም አይገጥመውም፣ እንደተኛ ይቀራል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የዱሮቹ ናቸው፣ የሰብሎቻችን የዱር ዘመዶች። የቦሎቄሽ ጎረቤት አለው፣ እነሱ ማንም የላቸውም። እዚህ ዴንማርክ ባሕር ዳር፣ ጠጠሩ ላይ፣ ማዕበሉ የሚተፋው ቆሻሻ የሚቆምበት መስመር ላይ አንድ ተክል ይበቅላል። ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጨው ጨው የሚል ነው። መሬት ላይ ተነጥፎ ስለሚያድግ ሰው ረግጦት ያልፋል። ይህ የስኳር ማምረቻው የሹገር ቢት፣ የእኛም የቀይ ሥር የዱር ዘመድ ነው።

ሹገር ቢትን የሚያጠቃ ራይዞማኒያ የሚባል በሽታ አለ። ቫይረስ ነው፣ አፈር ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ተሸክሞት ሥሩ ውስጥ ይገባል። ዋናው ሥር ይቀጭጭና ዙሪያውን እንደ ጺም ቀጫጭን ሥር ያበቅላል፣ ስኳሩ ይወርዳል። አንዴ አፈር ከገባ ለብዙ ዓመት አይወጣም፣ መድኃኒት የለውም። እንግዲህ ዛሬ ዘሪዎች ከሚተማመኑባቸው መከላከያዎች አንዱ የተገኘው ካሉንድቦርግ የሚባል የዴንማርክ ባሕር ዳርቻ ላይ ከተለቀመ የዱር ተክል ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ጣሊያን ውስጥ፣ በፖ ወንዝ ደልታ ከሚበቅለው የዱር ቢት ጋር ተዳቅሎ የቅጠል ነጠብጣብ በሽታን የሚቋቋም ዘር ወጥቷል። ብሮኮሊም እንዲሁ፣ ከሲሲሊ የዱር ጎመን ጋር ተዳቅሎ የወጣ ዝርያ አለ።

ባሕር ዳሩ ላይ የመኪና ማቆሚያ ሲሠራ "ቢቱስ?" የሚል ሰው የለም። እንግሊዞች ኮርንዎል ውስጥ ሊዛርድ የሚባለውን ልሳነ ምድር ለዱር ዘመዶች ጥበቃ መርጠውታል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስንት ሊዛርድ አለ?

ቶማ_ስቶክሆልም፦

ትንሽ ልከራከር። "የድሮ" ሲባል ሁሉም ጀግና አይደለም። ምርቱ ያንሳል፣ አንዳንዱ በሽታ ሲያይ ይወድቃል። ገበሬ ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ ሙዚየም አያስተዳድርም። ደግሞ አውሮፓ ስለ ዘር ስታለቅስ የእኛን ገብስ ማን ከፈለን?

ጌች_አግሮ፦

ቶማ፣ ስለ ምርቱ አልከራከርህም። ገበሬ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከም ማለት ነውር ነው፣ መንግሥት ይክፈለው።

ስለ ገብሱ ደግሞ እውነትህን ነው፣ ለማያውቁት ላስረዳ። ገብስ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ሻጋታ ይወጣበታል፣ ለአውሮፓ ገበሬ ዋና ጠላት ነው። ይህን የሚከላከለው ኤምኤልኦ የሚባል ባሕርይ የተገኘው ጀርመኖች በ1937 እና 38 ከኢትዮጵያ ከሰበሰቡት ገብስ ነው። ያኔ አገሪቱ በጣሊያን እጅ ነበረች፣ ማን ፈቀደ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። በ1979 አቴም በሚባል ዝርያ ለገበሬ ደረሰ፣ ዛሬ እዚህ በጸደይ የሚዘራው ገብስ ብዙው ይህን ይዟል። ቢራህንም ጨምሮ። ያ የደጋ ገበሬ ስሙም አልተጻፈ።

እትዬ_ሙሉ፦

እናንተ ልጆች ክርክሩን ቀጥሉ፣ እኔ ለሰኒ ልመልስላት። ልጄ፣ መጀመሪያ ከሽማግሌው ታሪኩን ጠይቂና ጻፊ፦ የት መንደር፣ ማን ይዘራው ነበር፣ ምን ይሠራበታል። ዘር ያለ ታሪክ ግማሽ ነው። ከዚያ ጥሩ ጥሩውን ተክል ክር አስሪበትና ከእሱ አትብዪ። ቆባው ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ልቀሚ። ዝናብ ከመጣ ከነሥሩ ነቅለሽ ቤት ውስጥ ስቀዪው። ከአንድ ተክል ብቻ አትውሰጂ፣ ከብዙው ቀላቅዪ። በደንብ ከደረቀ በኋላ በጠርሙስ ዘግተሽ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አኑሪው፣ ነቀዙ ይሞታል። ስታወጪው ወዲያው አትክፈቺ፣ ላብ ይይዘዋል።

ዘሩ እንዳይጠፋ ደግሞ ነባር ዘር ለሚጠብቅ ማኅበር ስጪ። ጀርመን ውስጥ ፋው ኤ ኤን አለ፣ ኦስትሪያ አርኬ ኖዋ፣ ስዊዘርላንድ ፕሮ ስፔሲዬ ራራ። ከኢትዮጵያ ደግሞ በሻንጣ ዘር እንዳታመጪ። ከታኅሣሥ 2019 (በፈረንጅ) ወዲህ፣ የዕፅዋት ጤና ወረቀት ከሌለው አይገባም፣ ይወረስብሻል።

ሰኒ_ጓሮ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሌላ የሱቅ ቦሎቄም ዘርቻለሁ፣ አይዳቀልብኝም?

እትዬ_ሙሉ፦

ቦሎቄ ብዙውን ጊዜ አበባው በራሱ ብናኝ ነው የሚያፈራው፣ ከሌላ ብዙም አይዳቀልም፣ ጥቂት ሜትር ካራራቅሻቸው ይበቃል። ዱባ ቢሆን ግን ንቧ አትምርሽም፣ የጎረቤትሽ ዙኪኒም ይገባበታል።