ገና ድምፅ መሥራት ለሚማር ሰው ሞጁላር ሲንተሳይዘር ይሆነዋል?

ጠያቂው፣ ከሆጤ፦
ሰላም ነው ቤተሰብ? ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በላፕቶፕ ቢት ስሠራ ከረምኩ። ግን ድምፁን ሁሌ ከተዘጋጀው ውስጥ እየመረጥኩ እንጂ አንድም ቀን ከባዶ ሠርቼ አላውቅም። አሁን ከሥሩ መማር አማረኝ። አጎቴ ጀርመን ነው የሚኖረው፤ ለበዓል ሲመጣ ምን ላምጣልህ ብሎኛል። ልቤ ያለው ሞጁላር ላይ ነው፤ ያ ገመዱ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ሳጥን። ጓደኛዬ "ዳዴ ሳትል ልትሮጥ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ይሆናል አይሆንም? ሳታባብሉኝ ንገሩኝ።

ባለኪቦርዱ፣ ከፒያሳ፦
አይሆንም። ይኼ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ሰርግ ላይ ኪቦርድ ስጫወት ነው ያረጀሁት፣ ዕቃ አውቃለሁ። ሞጁላር ማለት ቤት ልሠራ ብለህ በሩን ዛሬ፣ መስኮቱን ለዓመት፣ ቆርቆሮውን እግዜር ሲል መግዛት ነው። ድምፁን የሚያመነጨው ኦሲሌተር ለብቻ፣ ድምፁን የሚያጣራው ፊልተር ለብቻ፣ ኤንቨሎፑ ለብቻ፣ ድምፁን እንደ በር የሚከፍትና የሚዘጋው ቪሲኤ ለብቻ፣ ሳጥኑና ፓወር ሰፕላዩ ለብቻ። አንዱ ሞጁል በ100 ዶላር ከተገኘ ርካሽ ነው፣ 300 የሚሉትም ሞልተዋል። ይኼን ሁሉ ከፍለህ የምታገኘው በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ነው። ኮርድ ካማረህ ሁሉንም በሦስት አባዛው። አጎትህን አታስቀይም።

የኢንጂነሪንግ ተማሪው፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ ስለ ዋጋው እውነትህን ነው። ግን ልጁ የጠየቀው ስለ መማር ነው፣ አንተ የመለስከው ስለ ኪስ ነው። ሞጁላር የሚያስተምረው ገመዱ ውጭ ስለሆነ ነው። በፈረንጆቹ 1970 ሚኒሙግ የሚባለው ሲንተሳይዘር ሲወጣ እኮ የተደረገው ይኼው ነው፤ ያን ትልቁን ሞጁላር አሳንሰው ገመዱን ሆዱ ውስጥ ደበቁት። ለተጫዋች ግሩም ሆነ። ለተማሪ ግን መንገዱ ተሸፈነ። አንተ ራስህ 15 ዓመት ስትጫወት ኤንቨሎፕ ምን እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? ኤንቨሎፕ ድምፅ አይደለም፣ የሚወጣና የሚወርድ ቮልቴጅ ነው። ገመዱን ወደ ቪሲኤው ስትሰካው ድምፁ ይከፈትና ይዘጋል፣ ነቅለህ ወደ ፊልተሩ ስትሰካው "ዋው" ይልልሃል፣ ከዚያ ነቅለህ ወደ ኦሲሌተሩ ፒች፣ ማለት የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ወደሚወስነው፣ ስትሰካውና ቶሎ እንዲወርድ ስታደርገው ከበሮ ሆኖ ቁጭ። ያው አንድ ቮልቴጅ ነው። ይኼን አንዴ በእጁ ያየ ሰው የትኛውም ሲንተሳይዘር ፊት ቢቀመጥ አይደናገርም። ኤልኤፍኦ የሚሉትም ሌላ ፍጥረት አይደለም፣ ቀርፋፋ ኦሲሌተር ነው። ከ20 ኸርዝ በላይ አፍጥነው፣ ራሱ ድምፅ ሆኖ ይሰማሃል።

እህት ከሳላይሽ፦
እሱ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ለዚህ ብረት መግዛት ለምን አስፈለገ? ቪሲቪ ራክ የሚባል የኮምፒውተር ሞጁላር አለ። ነፃ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ነበረ። ኦሲሌተሩም ገመዱም ስክሪን ላይ ነው፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። እኔ የጀመርኩት በሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አለኝ። ኦሲሌተሩ ይሠራል፣ ሁሉም ተሰክቷል፣ ድምፅ የለም። ለካ ቪሲኤው ላይ ኤንቨሎፑን አልሰካሁም፤ በሩ ዝግ ነው፣ እኔ ውጭ ቆሜ አንኳኳለሁ። ያንን ቀን እስካሁን አልረሳውም። አሁን አስቡት፣ ይኼው ዝምታ አጎት ከጀርመን ተሸክሞ ባመጣው ዕቃ ላይ ቢደርስ። ልጁ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ነው የሚያለቅሰው።

ባለኪቦርዱ፣ ከፒያሳ፦
እህቴ ተባረኪ፣ የኔን ነገር ነው ያገዝሽው። ደግሞ ሴቭ የለውም እኮ! ማክሰኞ ያወጣኸውን ቆንጆ ድምፅ ሐሙስ አታገኘውም። ገመዱን ከነቀልክ ሄደ። ፎቶ አንስቼ አስቀምጣለሁ የሚሉ አሉ፣ ይኼ ምን ዓይነት ኑሮ ነው?

የኢንጂነሪንግ ተማሪው፣ ከኮምቦልቻ፦
ሴቭ ስለሌለው ነው የሚማረው። ደጋግሞ ከባዶ ይሠራዋል። ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሞጁላር ገመድ እንደተሰካ፣ ቁልፉም እንደዞረ ይጠብቅሃል። ላፕቶፕ ባትሪው ካለቀ ሴቭ ያላደረግከው ደህና ሰንብት።

እህት ከሳላይሽ፦
የኔ ላፕቶፕ መብራት ከጠፋ በኋላም ሦስት ሰዓት ይሠራል። ያንተ ሞጁላር በዚያ ሰዓት ሻማ ማስቀመጫ ነው።

ጠያቂው፣ ከሆጤ፦
ኧረ ቀስ በሉ፣ ሳቅ ገደለኝ። ግን ማውዝ ይሰለቸኛል፣ እውነቱን ልናገር። ቁልፉን በጣቴ ማዞር ነው የምፈልገው።

ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከቧንቧ ውሃ፦
ልጆቼ፣ እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ግን የተቃጠለውን የምታመጡት ወደኔ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ሞጁል ይዞ መጣ። ከኋላው ያለውን ጠፍጣፋ ገመድ ገልብጦ ሰክቶታል። ቀዩ መስመር ወደ ነጌቲቭ 12 ቮልት መሆን ነበረበት፣ እሱ ወደ ፖዘቲቩ አዞረው። ሽታው ነው የነገረኝ። ቺፑን ደሴ ሙሉ ፈልገን አጣነው። ስለዚህ ማንም የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሚሊአምፔር መደመር ይማር፤ ሳጥኑ የሚሰጠውና ሞጁሎቹ የሚጠጡት ካልተመጣጠነ ዕቃው ይሰክራል። ሌላው ደግሞ ብርድና ሙቀት ነው። አናሎግ ኦሲሌተር ሙቀት ሲለዋወጥበት ቅኝቱ ይሄዳል። እዚህ ጦሳ ሥር በብርዱ ቃኝተኸው ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ብትከፍተው እንደገና ቃኘኝ ይልሃል።

የኢንጂነሪንግ ተማሪው፣ ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ እርስዎ ካሉማ አልከራከርም። የገመዱ ነገር እውነት ነው፣ እኔም አንዴ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ባለኪቦርዱ፣ ከፒያሳ፦
ተመስገን፣ አንድ ቦታ ተሸነፈ።

እህት ከሳላይሽ፦
የቅኝት ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። ሞጁላር ላይ የሚማርከኝ ቁልፍ ሰሌዳ አለመኖሩ ነው። ፒቹ ቮልቴጅ ነው፤ 1 ቮልት ሲጨመር አንድ ኦክታቭ ይወጣል፣ አንድ ግማሽ ቶን የዚያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። መሃሉ ላይ ግን ማንም አያቆምህም። አምባሰልን በኪቦርድ ስትጫወቱት ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፣ አይደል? ማሲንቆ የሚመታ ሰው ግን ጣቱን እዚያ ነጥብ ላይ ብቻ አያሳርፍም፤ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከወሎ ወስደው የወሎ ልጅ በፒያኖ ነጥብ ብቻ ሲጫወታቸው ያሳዝነኛል። እዚህ ላይ ሲንተሲስ የሚማር ልጅ ቮልቴጅን ማወቁ ከሌላው አገር ልጅ ይልቅ ለኛ ልጅ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ።

ባለኪቦርዱ፣ ከፒያሳ፦
ይኼኛው ደስ ይላል፣ ግን ለዚህም ሞጁላር አያስፈልግም። የኔ ኪቦርድ ላይ ስኬል ቱን የሚል አለ፤ እያንዳንዷን ኖታ በሳንቲም በሳንቲም (የግማሽ ቶን መቶኛ ማለት ነው) ከፍና ዝቅ ታደርጋታለህ። ሰርግ ላይ ማንም አያስተውለውም፣ እኔ ግን ትዝታ ስጫወት አደርገዋለሁ።

እህት ከሳላይሽ፦
እንዲህ ያለውን ሚስጥር 15 ዓመት ደብቀህ ነው ዛሬ የምታወጣው?

የኢንጂነሪንግ ተማሪው፣ ከኮምቦልቻ፦
እሺ እኔም ትንሽ ልመለስ። ሙሉ ሞጁላር ይግዛ ማለቴን ተውኩት። ዩሮራክ የሚባለውን የሞጁል መጠን በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ያስጀመረው ዶፕፈር የሚባለው ድርጅት እዚያው ጀርመን ነው፣ ሙኒክ አጠገብ፤ አጎትህ ቤቱን ማግኘት አያቅተውም። ግን ሱቁ ውስጥ የገባ ሰው በአንድ ሞጁል አይወጣም። ሁለተኛ ወር ላይ ፊልተር ትመኛለህ፣ ሦስተኛው ላይ ሚክሰር፣ ከዚያ ሙዚቃ መሥራት ቀርቶ ካታሎግ ማንበብ ትጀምራለህ። ግማሽ ሞጁላር ግን ለሱ የተሠራ ነው። ያለ ምንም ገመድ ድምፅ ያወጣል፣ ገመድ ስትሰካበት ደግሞ የውስጡን መንገድ ትቀይራለህ። ኮርግ ኤምኤስ 20 በፈረንጆቹ 1978 የወጣው እንዲህ ነበር፣ ትንሹ በ2013 ተመልሶ መጣ። እሱ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፤ ፒቹ በሌላ ዓይነት የቮልቴጅ አቆጣጠር ነው የሚሄደው፣ ነገ ዩሮራክ ብትገዛ ሁለቱ ዝም ብለው አይጣጣሙም።

ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከቧንቧ ውሃ፦
ጣቱን የሚበላው ከሆነ ደግሞ ወደኔ ይምጣ። 40106 የሚባል ቺፕ አለ፣ ሆዱ ውስጥ ስድስት ኢንቨርተር አለው። አንዱ ላይ አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ካሰርክበት ኦሲሌተር ሆነ። በሬዚስተሩ ፋንታ የቮልዩም ቁልፍ ካደረግክ ደግሞ በጣትህ ፒቹን ታዞራለህ። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። እንደ ንብ ይጮሃል፣ ለሰርግ አይሆንም። ግን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ያሳየሃል። ሻይ ትጋብዘኛለህ፣ በቃ።

ባለኪቦርዱ፣ ከፒያሳ፦
ጋሼ፣ እኔስ መምጣት እችላለሁ?

ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከቧንቧ ውሃ፦
ኪቦርድህን ሁለት ጊዜ ጠግኜ አንድ ጊዜ ነው የከፈልከኝ። ና ግን።

ጠያቂው፣ ከሆጤ፦
ለአጎቴ ገና አልመለስኩለትም። ግማሽ ሞጁላሩን ልጠይቀው ነው፣ ካልተመቸው ደግሞ ምንም። እስከዚያ ቪሲቪውን አወረድኩ።

እህት ከሳላይሽ፦
ጎበዝ። አንድ ወር ከአምስት ሞጁል በላይ እንዳትከፍት። ኦሲሌተር፣ ፊልተር፣ ቪሲኤ፣ ኤንቨሎፕ፣ ኤልኤፍኦ። ኪቦርዱንና መውጫውን አልቆጠርኩም። ስድስተኛው ካማረህ መጀመሪያ አምስቱ ምን እንዳቃታቸው እዚህ ጻፍልን።

ጠያቂው፣ ከሆጤ፦
አምስቱን ደርድሬያለሁ። ሰካሁ። ኦሲሌተሩ መብራቱ ይበራል። 40 ደቂቃ ሆነኝ፣ ምንም ድምፅ የለም። ላፕቶፑ ይሆን እንዴ?

እህት ከሳላይሽ፦
ቪሲኤውን አይተኸዋል?