አባይ በረሃ 4 ቀን ቆሜ፣ ባሕር ዳር 3 ቀን ሳላራግፍ ከርሜ፣ ባለመኪናው የፍሪሲዮኑን ከደመወዜ ልቁረጥ አለኝ

የመሸንቲ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የተሳቢ ሾፌር ነኝ፣ የሰው መኪና ነው የምነዳው። ደመወዜ 9,000 ብር ነው። በላዩ ላይ ለአንድ ቢያጆ፣ ለአንድ ጉዞ ማለቴ ነው፣ 4,000 ብር አበል አለኝ፣ እሱም ለ4 ቀን ታስቦ የተሰጠ ነው። የጽሑፍ ውል የለንም። በሰው በሰው ተገናኘን፣ በቃል ተነጋገርን፣ ቁልፉን ሰጠኝ፣ በቃ።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ በኩል ሲሚንቶ ጭኜ ስመጣ ፊቼ አካባቢ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው) መንሸራተት ጀመረ። ማርሹ ይገባል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ቆምኩና ደወልኩለት። "እዚሁ ላሳየው" ስለው "ባሕር ዳር ስትደርስ ይታያል፣ ባለሲሚንቶው እየጨቀጨቀኝ ነው፣ ቀስ እያልክ ና" አለኝ። ቀስ አልኩ። የአባይ በረሃን ቁልቁለት ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ወደ ደጀን ዳገቱን ስጀምር ግማሽ ሳልደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፣ ከዛ ቀጥ አለ።

እዛው 4 ቀን። ጎማውን በድንጋይ ታኮ አድርገን፣ ከፊትና ከኋላ ቅጠል ጥለን፣ እኔና ረዳቱ በተራ እየተኛን። የበረሃውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሃ ከሚያልፍ መኪና እየለመንን ነው የጠጣነው። ዳቦአችንንም ዝንጀሮ ወሰደብን፣ አትሳቁ። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተገዝቶ እስኪመጣ፣ መካኒክ ከደጀን እስኪወርድ፣ በ4ኛው ቀን ተሠራ።

ባሕር ዳር ስገባ ደግሞ ያ ሲጨቀጭቅ የነበረው ባለሲሚንቶ "መጋዘኑ ሞልቷል" ብሎ 3 ቀን አቆመኝ። ቤቴ በባጃጅ 20 ደቂቃ አይሞላም፣ እኔ ግን የማድረው ጋቢና ውስጥ ነው። ጥዬ ብሄድ ሸራው ይቀደዳል፣ ናፍጣው ይቀዳል። ልጆቼ እራት ይዘውልኝ መጥተው መኪናው ሥር ቁጭ ብለን በላን።

4 ቀን የተባለው ጉዞ 11 ቀን ሆነ። ሂሳብ ስንተሳሰብ ለተጨማሪው 7 ቀን አምስት ሳንቲም የለም። ጭራሽ "ፍሪሲዮኑን ያቃጠልከው አንተ ነህ፣ የወጪውን ግማሽ ትችላለህ" ብሎ 27,000 ብር ጻፈብኝ። የ3 ወር ደመወዜን ሙሉ ሊይዝ ነው። አንድ ወረቀትም አዘጋጅቶ "ፈርምልኝ" ብሎኛል፣ እስካሁን አልፈረምኩም።

ይሄ ነገር ሕግ አለው? ልክሰስ ወይስ ልተወው? ከሰውየው ጋር በክፉ መለያየት አልፈልግም፣ ግን 3 ወር ያለ ደመወዝ ምን ልብላ?

አያ ተሳቢ

ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ እንኳን በሰላም ገባህ። ይህን ያልኩት ለወግ አይደለም። ፍሪሲዮኑ እየሸሸ ያንን ቁልቁለት መውረድህን ሳነብ እኔ ነኝ የደነገጥኩት። ሞተር ብሬክ የሚይዝህ በፍሪሲዮኑ በኩል እኮ ነው! ፍሪሲዮን ካልያዘ ሞተሩ ጎማውን አይገታውም፣ ያለህ የእግር ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ በዛ ቁልቁለት ከነጭነቱ ሲግል ይሟሽሻል። ከዛ ወዲያ ያለውን አልነግርህም፣ ገደሉን አይተኸዋል።

እኔ ብሆን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ጎሃ ጽዮን ላይ አቆም ነበር። እዛ ሻይ አለ፣ መኝታ አለ፣ ሰው አለ። "ባለቤቱ ና አለኝ" የሚለው ነገር ገደል ውስጥ አይሠራም። ይሄን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፣ እኔም በጎረምሳነቴ ስንቱን አድርጌዋለሁ።

ስልክ ስትደውል ደግሞ ወዲያው በጽሑፍ ድገመው። "ፊቼ ቆሜያለሁ፣ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፣ ቀጥል ብለኸኛል" ብለህ ላክ። እኔ ጋቢናዬ ውስጥ አንዲት ደብተር አለች። የት ቆምኩ፣ ስንት ሰዓት፣ ኪሎ ሜትሩ ስንት ላይ ነበር፣ ለማን ነገርኩ። ሚስቴ "የፍቅር ደብተርህ" ትላታለች። ሁለት ጊዜ ከጠብ አውጥታኛለች።

ሌላው፣ ከጉዳይህ ውጭ ቢሆንም ልበለው። መኪናው ተሠርቶ ስትነሱ ድንጋዩን ከአስፋልት ላይ አንሱ። ታኮውን ጥሎ የሚሄድ ሾፌር በዝቷል፣ በሌሊት ለሚመጣው ወንድማችሁ ሞት ነው።

ጋራዥ ነኝ

ዲስኩ የት አለ? አሮጌውን ማለቴ ነው። እሱን ያዝ፣ ከሁሉም ነገር በላይ የሚመሰክርልህ እሱ ነው።

ፍሪሲዮን በሁለት መንገድ ነው የሚያልቀው። በዕድሜው ያለቀ ከሆነ ዲስኩ ላይ ያለው ልባስ ዙሪያውን እኩል ይሳሳል፣ ችንካሮቹ እስኪታዩ ድረስ። ሾፌር ያቃጠለው ከሆነ ደግሞ ልባሱ ገና ወፍራም ሆኖ ይሰነጠቃል ወይ ይጠቁራል፣ ከሱ ጋር የሚነካካው ብረትም ሰማያዊ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣል። አንዳንዴ ሁለቱም ይደባለቃል፣ አልቆ የነበረው ዳገት ላይ ሲንሸራተት ይቃጠላል። ያንተ እንደዛ ይመስለኛል። ቢሆንም የልባሱ ውፍረት ዕድሜውን ይናገራል። ዓይን ያለው መካኒክ በአምስት ደቂቃ ይለየዋል።

ከደጀን ወርዶ ለሠራልህ መካኒክ ዛሬውኑ ደውል። እኛ ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይጣልም፣ ጥግ ይዞ ይከርማል።

ባለ አንድ መኪና

ባለመኪና ሁሉ ጅብ እንዳይመስላችሁ በሌላው ወገን ልናገር። እኔ በባንክ ብድር የገዛሁት አንድ መኪና ነው ያለኝ። መኪናው ቆመም ሄደም ብድሩ ይቆጥራል። ጎማ ሲፈነዳ እኔ ነኝ፣ መንገድ ሲዘጋ እኔ ነኝ። እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ 500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር አለ፣ ፍሪሲዮኑን እየበላው። መንገድ ላይ ያላወቅሁትን ጭነት ጨምሮ የሚያስጎብጠውም አለ። በእንደዛ ዓይነቱ ሰው ነው የምንማረረው።

ግን የመሸንቲ ልጅ የጻፈው እውነት ከሆነ ሰውየው ተሳስቷል። ሾፌሩ ፊቼ ላይ ደውሎ ከነገረ በኋላ የሚመጣው የባለቤቱ ነው። "ና" ካልክ ከነመዘዙ ነው ያልከው።

የቆመበትን ቀን በተመለከተ፣ እኔ ከባለጭነት ጋር ስዋዋል "መኪናው ከደረሰ 48 ሰዓት ካለፈው ለያንዳንዱ ቀን ይሄን ያህል ይከፈላል" ብዬ አስጽፋለሁ። ካልተጻፈ ማንም አይሰጥህም፣ መጋዘናቸውን በኔ መኪና ላይ ነው የሚያደርጉት። ከማገኘው ላይ ለሾፌሩም ለረዳቱም እሰጣለሁ፣ ምክንያቱም ጋቢና ውስጥ የሚያድሩት እነሱ ናቸው። ያንተ ባለመኪና ከባለሲሚንቶው የማቆያ ተቀብሎ እንደሆነ ጠይቀው። ተቀብሎ ከሆነ ወሬው ሌላ ነው።

ደጅ የጠናሁ

ጠበቃ አይደለሁም። እንዳንተው በጭነት መኪና ጉዳይ ፍርድ ቤት የተመላለስኩ ሰው ነኝ፣ እግረ መንገዴን አዋጁን አነበብኩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል።

ወረቀቱን አትፈርም። አትፈርም! አንቀጽ 59ን ተመልከት። አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድለት፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ሰውየው በእጁ ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ፈርምልኝ የሚልህ። ብትፈርም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ካንተ 9,000 ላይ 3,000 ማለት ነው። ሙሉውን ልያዝ ማለት አይቻልም።

የጽሑፍ ውል የለኝም ብለህ አትፍራ። የቃል ውልም ውል ነው። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞበት ዝርዝሩን ሊሰጥህ የሚገባው እሱ ነው፣ እሱ ባለመስጠቱ ያንተ መብት አይጠፋም።

ደመወዝህ ላይ ክርክር የለም። ሠራተኛ ለሥራ ተዘጋጅቶ በሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ ይከፈለዋል፣ አንቀጽ 54 ነው። ይሄ በተለይ በቢያጆ ብቻ ለሚከፈላቸው ልጆች ይጠቅማል።

አበሉ ላይ ግን ልዋሽህ አልፈልግም። አበል በአዋጁ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም፣ ስለዚህ የሚታየው ስምምነታችሁና ልማዳችሁ ነው። ከዚህ በፊት ጉዞ ሲረዝም ጨምሮልህ ያውቃል? ያወቀ ከሆነ በቴሌብር የላከበትን ፈልግ። እሁድ ከመኪናው ጋር የዋልክበትንም ጻፍ። የሳምንት እረፍት ቀን ሥራ እጥፍ ነው የሚታሰበው። እኔ "ጥሎ መሄድ የማይችል ሰው ሥራ ላይ ነው" ብዬ ተከራክሬ ነበር፣ ዳኛው ሳይወስን በሽምግልና አለቀ።

ብትከስ የዳኝነት አትከፍልም፣ የሠራተኛ ክስ ነጻ ነው። ግን አታዘግየው፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይወድቃል። እኔ ከጠየቅሁት ግማሹን ያጣሁት "ዛሬ ነገ" ሲለኝ አምኜው ነው።

እናት ጓዳ

የሾፌር ሚስት ነኝ። ሁላችሁም ስለ ሾፌሩ ብቻ ታወራላችሁ። ረዳቱስ? እሱም 11 ቀን ነበር እኮ። ደመወዝ እንኳ ሳይኖረው ከሾፌሩ አበል ላይ እየተቆነጠረለት የሚሄድ ስንት ልጅ አለ። በረሃ ያደረ ልጅ ደግሞ ወባ ይዞት ይመለሳል።

የመሸንቲ ልጅ

እህቴ፣ ልክ ነካሽኝ። ረዳቱ እውነትም ወባ ይዞት ነበር፣ ባሕር ዳር በገባን በሳምንቱ። ያሳከምኩት እኔ ነኝ። ባለመኪናውን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም ነበር፣ ረዳት ሲታመም የሾፌሩ ጣጣ ነው ብለን ለምደነው። አሁን ሂሳቡ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ደጀን ደወልኩ፣ ዲስኩ አለ! ልጁ በር ማስደገፊያ አድርጎት ነበር። በሚያውቀው የአውቶብስ ረዳት ላከልኝና ትናንት ማታ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩት። ጋራዥ ነኝ እንዳለው ጥቁር ብሏል፣ ግን ችንካሮቹ ዙሪያውን እኩል ወጥተዋል። እዚህ ባሕር ዳር ለሁለት መካኒክ አሳየሁት፣ ሁለቱም "ይሄ ከቆየ ነው" አሉ። አንዱ በጽሑፍ ሊሰጠኝ ተስማምቷል።

አያ ተሳቢ፣ ፊቼ ላይ ጽሑፍ አልላክሁም፣ ግን ስልኬን ስፈትሽ ሰውየው ራሱ ማታ ላይ "ደረስክ? ፍሪሲዮኑ እንዴት ሆነ?" ብሎ በቴሌግራም የላከው ድምፅ አለ። ማወቁን ራሱ ነው የተናገረው።

ክሱን ለጊዜው ይዤዋለሁ፣ 6 ወሩን ግን እየቆጠርኩ ነው። የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ። አንደኛው የራሱ አጎት ናቸው፣ ድሮ እሳቸውም መኪና ነድተዋል። ዲስኩን በፌስታል ይዤው እገባለሁ።

አያ ተሳቢ

ፌስታሉ ይቀደድብሃል፣ በማዳበሪያ አድርገው። ሰኞ ጻፍልን።